«ቀረብ በል» ባዩ ጎረቤታችን

ፎቶ ስታነሱ አጠገባችሁ ቆሞ «ቀረብ በል» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ጋሽ ደምሴ አሉልን። የወንድሜ ተዝካር ደርሶ የሚሰቀል ፎቶ አጣን፤ ያለችን መታወቂያው ላይ ያለችው፣ ጥፍር የምታክል ምስል ብቻ ናት። እሷን በስልኬ አንስቼ በትልቁ ላሳትማት ተነሳሁ።

«ያ ወለዲ፣ ቀረብ በል» አሉኝ ጋሽ ደምሴ፤ በአረብኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ቀረብኩ፤ ወንድሜ ጉም መሰለ።

«አሁንም ቀረብ።»

ዓይኑ ጠፋ። ከዚህ በላይ ብቀርብ መታወቂያውን መዋጤ አይደል? ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ስክሪኑ ላይ ዓይኑን በጣቴ ነካሁት። ወንድሜ፣ ሊስቅ ሲል፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

ጋሽ ደምሴ ስልኩን ተቀብለው አዩት። «አሁንስ ሊያናግረን ነው» አሉና ዝም አሉ። እሳቸውን ዝም ያሰኘ ሰው በሰፈሩ ወንድሜ ብቻ ነው።