ጠላ ለመቅመስ የተጻፈ ደብዳቤ

ሰው ሁሉ ለአንድ ነገር ይፈጠራል ይባላል። የደብረ ማርቆስ ጡረተኛ የተፈጠረው ለስብሰባ ነው። ሦስት ጡረተኞች አንድ ጠረጴዛ ከብበው ካያችሁ ቆም በሉና ታዘቡ፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ኪሱን ዳብሶ እስክሪብቶ ያወጣል፣ ሦስተኛው ገና ማንም ሳይናገር «ሥነ ሥርዓት!» ይላል። ያዘዙት ሻይ እስኪቀርብ አጀንዳ ይጸድቃል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ተቃውሞና አንድ ድምፀ ተዓቅቦ ይመዘገባል። ሻዩን የሚጠጣው ዝንብ ነው።

እኔ አርባ ዓመት ያህል ጀርመን አገር፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ ማንም የማይጠይቃቸውን መጻሕፍት ስደረድርና ጠያቂ ሲጠፋ ራሴ ሳነባቸው ኖሬ የተመለስኩ አሮጊት ነኝ። ከዚያ ሁሉ ንባብ ያተረፍኩት አንድ ጥበብ ቢኖር፣ ሞኝ ሲናገር ዝም ማለት ነው ብዬ አምን ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አፌን ከፈትኩ።

ከሦስት ባልንጀሮቼ ጋር ተቀምጠናል። አቶ አያልነህ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ኃላፊነታቸውን ግን እንደ ካፖርታቸው ዛሬም አላወለቁትም። መምህር ስንሻው ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ዓባይን የተሻገሩት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥርሳቸው ነው። ሲስተር ዘነበች ነርስ ነበረች፤ ከአራታችን ሻይዋን በትኩሱ የምትጠጣ እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ለእነዚህ ነው ስለ ጀርመን አሮጊቶች ያወራሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበው፣ ከአንዱ መንደር ቢራ ጠማቂ ወደ ሌላው መንደር ቢራ ጠማቂ በብስክሌት እየዞሩ፣ እየቀመሱ፣ ይሄ መረረ ያ ቀጠነ እያሉ ሲፈርዱ እንደሚውሉ ነገርኳቸው። እዚህ ቢሆን ልጆቻቸው ተሰብስበው ጠበል ይወስዷቸው ነበር።

«ታዲያ እኛ ከእነሱ በምን እናንሳለን?» አሉ አቶ አያልነህ።

በምን እንደምናንስ ለመዘርዘር አፌን ስከፍት ኮሚቴ ተቋቋመ።

መጀመሪያ የታሰበው ቢራ ፋብሪካ መጎብኘት ነበር። ሲስተር ዘነበች «የፋብሪካ ቢራ ራሱ ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ እኛን ምን ያስኬደናል?» ብላ ሐሳቡን ቀበረችው። ስለዚህ ጠላ ቤቶችን እንዙር ተባለ። መምህር ስንሻው ካርታ ሥለው መጡ። በካርታው መሠረት በአንድ ቀን ጠዋት ደብረ ኤልያስ፣ ቀትር ላይ አምበር፣ ሲመሽ ዲማ እንገኛለን። ደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ ዲማ ወዲህ መሆኑን እንኳን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው የገበያ አህያም ያውቀዋል። ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ካርታው ተጣጥፎ አምበር ላይ ቆመ።

ቀን መቁረጡ ደግሞ ሌላ ፈተና ሆነ። በአምስት አቦ ነው፤ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። የወሩ ቀን ሁሉ የአንዳችን ማኅበር ሆኖ ተገኘ። ጳጉሜን ትቀራለች ስንል እሷም ላይ ሩፋኤል ተቀምጧል። ጠላ ለመጠጣት ቀን ያጣነው ጠላ የምንጠጣበት ቀን ስለበዛብን መሆኑን ላስረዳ ብል «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ተባልኩ።

ለምን ጥዬያቸው እንዳልሄድኩ ትጠይቁኝ ይሆናል። አምበር ውስጥ ጥሩዬ ስላለች ነው።

ጥሩዬና እኔ እዚሁ ማርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። እናቷ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። አብረን ጋን በግራዋ ቅጠል አጥበናል፤ አንድ ደብተር ለሁለት ቀደን ተምረናል። አገር ለቅቄ ስሄድ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ «ጻፊልኝ» አለችኝ። «በየሳምንቱ» አልኳት። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም አልጻፍኩላትም። መጀመሪያ ጊዜ አጣሁ፣ ቀጥሎ የምጽፈው አጣሁ፣ ኋላ ደግሞ ፊት አጣሁ። አምበር ተድራ ጠላዋ ስም እንዳወጣ የነገረችኝ ሲስተር ዘነበች ናት። ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ አምበር በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ብቻዬን ልሄድ ስነሣ ግን ከመናኸሪያው እመለሳለሁ። በሰው መሀል ተደብቄ ልግባ፣ እንደ ማንኛውም ጠጪ ጥግ ይዤ ልቀመጥ፤ ካወቀችኝ ታውቀኝ፣ ካላወቀችኝም ጠላዋን ጠጥቼ ልመለስ። ኮሚቴውን የታገሥኩት ለዚህ ብዬ ነው።

ሁሉም ተወስኖ ካለቀ በኋላ «እንግዲህ ቅዳሜ እንሂዳ» ስል አቶ አያልነህ ደነገጡ።

«ያለ ደብዳቤ?»

«ጠላ ቤት እኮ ነው» አልኳቸው። «ደጁ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ከተደፋበት ጠላ አለ ማለት ነው። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠጣል።»

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ እርስዎ ውጭ አገር ስለቆዩ ነው» አሉኝ በሐዘኔታ። «በእኛ አሠራር ሳያሳውቁ መሄድ የለም።»

ተናደድኩ። ስናደድ እጽፋለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ የቢሮ አማርኛቸውን ላሾፍበት፣ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ሞነጫጨርኩ፦

«ጉዳዩ፦ የልምድ ልውውጥ ጉብኝት ስለማካሄድ። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ከደብረ ማርቆስ የተውጣጣ ልዑክ በመጪው ቅዳሜ በግቢዎ ተገኝቶ የጋኖችን ብዛትና ይዞታ፣ የጌሾና የብቅል አጠቃቀምን እንዲሁም የጠጪዎችን ፍሰት በአካል ተመልክቶ ተገቢውን አስተያየት የሚሰጥ ስለሆነ፣ አስፈላጊውን ትብብር ሁሉ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።»

አቶ አያልነህ አነበቡት። እስኪስቁ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ። መምህር ስንሻውም «የጠጪዎች ፍሰት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደግመው አጣጣሙት። በማግስቱ ደብዳቤው በታይፕ ተመትቶ፣ የጡረተኞች ማኅበር ክብ ማኅተም አርፎበት፣ በቀበሌ በኩል አምበር ላሉ ሦስት ጠላ ቤቶች ተላከ።

ቀልድ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ከስንት ዘመን በኋላ አማርኛዬ የተመሰገነው ያን ቀን ነበርና።

ቅዳሜ ሄድን። ሚኒባሱ ፊት ላይ «የልምድ ልውውጥ» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። አምበር ደርሰን በእግራችን ስንዞር ሦስት እንጨት አየን። ሦስቱም ራቁታቸውን ቆመዋል፤ ጣሳ የሚባል የለባቸውም። ለመሆኑ «እናሳስባለን» የሚል ቃል ይዞ የመጣ መልካም ዜና የምታውቁ አላችሁ?

የጥሩዬ ግቢ የመጨረሻው ነበር። ጋኖቹ ታጥበው በአፋቸው ተደፍተዋል። ከበሩ እስከ ጓሮ መሬቱ ርሷል፤ ዶሮዎቹ እርጥቡን አፈር ይጭራሉ። አንዲት ሽበታም ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣችና እጅ ነሣችን። አወቅኋት። ከመምህር ስንሻው ጀርባ ገባሁ።

«ጠላ ልንቀምስ ነበር» አሉ አቶ አያልነህ።

«ጠላ?» አለች ጥሩዬ። «ኧረ እኔ ቤት ጠላ አይታወቅም ጌቶቼ! ውሃ ነው የምንጠጣ። ማርያምን!»

ይህን ስትል አውራ ዶሮው ከኋላዋ ሁለት እርምጃ ሄዶ በጎኑ ወደቀ።

«ታሟል እንዴ?» ጠየቁ መምህር ስንሻው።

ሲስተር ዘነበች ጎንበስ ብላ አየችው። «ሰክሯል» አለች።

ከዚያ አቶ አያልነህ፣ እኛ እኮ ግብር የምንጥል አይደለንም፣ ተራ ጡረተኞች ነን፣ ልንጠጣ ብቻ ነው የመጣነው እያሉ ማስረዳት ጀመሩ። ጥሩዬ ሰማቻቸው። በመጨረሻ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ጠላ ሊጠጣ የመጣ ሰው ማኅተም ምን ያደርግለታል? የጋን ብዛት ምን ያደርግለታል? እኔ እኮ ሦስቱንም ጋን ደፋሁት! አንዱ ለማርያም የጠነሰስኩት ነበር፤ ተራዬ ነው። እሱን እንኳ አልማርኩትም። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኝ ለማኅበርተኛው ምን ላቀርብ ነው፣ ይሄን ወረቀት? የጻፈውን ሰው እጁን ይ...»

«ያረቀቁት እንኳ እሳቸው ናቸው» አሉ አቶ አያልነህ፣ ምስጋናው እንዳይቀርብኝ ሰግተው። «ወይዘሮ ይታይሽ። ከጀርመን የመጡ።»

መምህር ስንሻው ፈቀቅ አሉ። ካርታ ሲሠሩ እንዲህ ቢፈጥኑ ኖሮ!

ጥሩዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እንደገና አየችኝ።

«ይታይሽ?»

«አቤት።»

ከመቀነቷ ጫፍ ወረቀቱን ፈትታ አወጣች። አራት ታጥፏል።

«አርባ ዓመት ጻፊልኝ ብዬ ብጠብቅሽ የላክሽልኝ ይሄን ነው?»

ምድር ቤት ውስጥ ስንት መጻሕፍት አነበብኩ! ከዚያ ሁሉ ይልቅ ትዝ ያለኝ የልጅነት ተረት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይሄን። ያላገጥኩት በአቶ አያልነህ ነበር፤ ጠላው የፈሰሰው የጥሩዬ ነው።

«ልርዳሽ» አልኩ።

«ትረጃለሽ እንጂ! ማን ሊረዳኝ ነው ታዲያ፣ ልዑኩ? ያን ሹራብ አውልቂ። ግራዋው ጓሮ ነው፤ ወይስ ጀርመን ግራዋም አስረሳሽ?»

ባልንጀሮቼ ከመንገዱ ዳር ካለ ሱቅ ለስላሳ ጠጥተው ተመለሱ። እኔ ቀረሁ። ጋን አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ፣ ጌሾ ወቀጥኩ፣ ብቅል አሰጣሁ። ጥሩዬ ከጎኔ ሆና ትሰድበኛለች። የአርባ ዓመት ስድብ ተጠራቅሞ ኖሯል፤ እንደ ጥንስሱ በየቀኑ ይብሳል እንጂ አይበርድም። እናቷ የሞቱ ዕለት ያልጻፍኩላት ለብቻው ሦስት ቀን ፈጀ። እየሰማሁ ብቅሉን አገላበጥኩ።

የማርያም ዕለት ጠላው ደረሰ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ቀምሳ «ትንሽ ቀጠነ» አለች። ጥሩዬ ዞር ብላ «ዘንድሮ ጀርመን ናት ያገዘችኝ፤ እንኳን ይሄም ሆነልኝ» አለቻት። ከመጣሁ ጀምሮ ከስድብ ውጭ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ስለሆነ እንደ ሙገሳ ተቀበልኩት።

ትናንት በቀበሌ በኩል ወረቀት ደረሰን። የኮሚቴው ሪፖርት ግልባጭ ነው፤ ክብ ማኅተም አለው። ጥሩዬ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ጉብኝቱ በታቀደለት መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ወይዘሮ ይታይሽ ሥራውን ጠለቅ ብለው ለማጥናት አምበር ቀርተዋል።»

በሕይወቴ ካነበብኩት የቢሮ ወረቀት ሁሉ አንድ እውነት ያለበት ይህ ነውና ላስቀምጠው እጄን ዘረጋሁ። ጥሩዬ ግን ቀድማ ምድጃው ውስጥ ከተተችውና እሳቱን አያያዘችበት።

«ለማንበብ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለችኝ። «ጌሾውን ውቀጪ!»