የሃምሳ አለቃ ዘርዓብሩክ ካርቡሬተር

በዚህች አገር ፈቺ የሌለበት ሰፈር የለም። የጠፋው ገጣሚ ነው። ገጣሚ ስል ስንኝ የሚቋጥረውን አይደለም፤ እሱማ ሞልቷል። የፈታውን ብሎን መልሶ የሚገጥመውን ማለቴ ነው።

የእኛ የጉለሌዎቹ ፈቺ ክቡር ሃምሳ አለቃ ዘርዓብሩክ ናቸው። በቀድሞው ጦር መካኒክ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ነው፤ ሃምሳውን ሲፈቱ ኖረዋል። የተበላሸ ነገር ካዩ ካቻቢቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዝ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከዚያ «በሽታውን አገኘሁት!» ነው። ማግኘቱንስ ያገኙታል፤ ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። ካውያዬን ፈትተው ሲመልሱልኝ ሦስት ብሎን ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ፋብሪካው አብዝቶት ነው» አሉኝ፣ ፍጹም በተረጋጋ መንፈስ።

ካውያው ዛሬ የበር መደገፊያ ሆኖ ያገለግላል። የጎረቤታችን የትሕትና ቴሌቪዥንም ከእሳቸው እጅ ከወጣ ወዲህ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም። «ዜና ለመስማት ምስል ምን ያደርግልሻል?» ብለዋታል።

እድራችን አንዲት ያረጀች የጦር መኪና አለችው። በጨረታ የተገዛች፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላጠ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የምትጭን፣ ሰው ሲሞት ደግሞ አስከሬን የምትሸኝ ናት። ባለፈው ክረምት ዳገት ላይ አንዴ ሳል፣ አንዴ ትን እያላት ቆመች። ሃምሳ አለቃ ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«በሽታውን አገኘሁት! ካርቡሬተሩ ነው። ቤንዚንና አየር የምትቀላቅልበት ጉሮሮዋ ተዘግቷል።»

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ቶለሳ በሸጎሌ የከብት ገበያ በሬ ሲሸጡ የኖሩ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። «ለብረት ትሸጥ» አሉ። ሃምሳ አለቃ ካርቡሬተሩን አውልቀው በፌስታል ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

በዚያው ሰሞን ሚስታቸውን እትዬ የዓለምወርቅን ሆዳቸውን አመማቸው። ባልና ሚስት ጳውሎስ ሆስፒታል ሲመላለሱ ከረሙ። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃን በራቸው ላይ አገኘኋቸውና «ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። ካቻቢቴውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«በሽታውን አገኙት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ካርቡሬተሩ መኝታ ቤት ገባ። ሕመምተኛዋን ልጠይቅ ስገባ ትራስ ተደግፈው፣ ጭናቸው ላይ ትሪ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ሃምሳ አለቃ እየፈቱ፣ ደጅ ወጥተው በቤንዚን እያጠቡ ያመጣሉ፤ እትዬ የዓለምወርቅ በተርታ ይደረድራሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያቺን ቀጭኗን ብሎን ከጥቅልሏ ሞላ በፊት ነው ያወጣሃት። ወደዚህ በላት።»

«ከሞላዋ በኋላ ነው!»

«በፊት ነው አልኩህ! አርባ አራት ዓመት ሙሉ ብሎን የሚተርፍህ ለምን ይመስልሃል? ተርታ ስለማትይዝ ነው።» ወደ እኔ ዞሩና «ሳልሄድ አንድ ነገር ገጥሞ ልየው ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። ሳቁ። ሳቁም አመማቸው።

ሃያ ሰባት ቁራጭ በተርታ ተደረደረ። መግጠሙ ግን ዛሬ ነገ ሲባል፣ ሕመሙም እየበረታ ሲሄድ ሳይጀመር ቀረ። አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ የዓለምወርቅ አረፉ።

ሴቶቹ ሊገንዙ ገቡና «እስቲ ይህን ከዚህ አንሱልን» አሉ። ሁሉም ፈዞ ቆሟል። እኔ ትሪውን አነሳሁና ምን እንደማደርግ እንኳ ሳላስብ በር ላይ የነበረ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። የሴትዮዋ የስንት ሳምንት ተርታ በአንድ ጊዜ ተደባለቀ። ያኔ አልገባኝም።

ቀብሩ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነበር። ረፋዱ ላይ ሃምሳ አለቃ ከለቀስተኛው መሃል ጠፉ። ስንፈልጋቸው ጥቁር ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ባልዲውን አጠገባቸው አድርገው፣ መኪናዋ ሞተር ላይ ተደፍተው አገኘናቸው።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ አቶ ቶለሳ ቀስ ብለው፣ «መኪና ተከራይተናል። ካህናቱም እየጠበቁ ነው።»

«በዚች ነው የምትሄደው።»

«እሺ፣ ግን ሰዓቱ...»

«ተርታውን ነግራኛለች። ይዤዋለሁ። ይዤዋለሁ አልኩ እኮ!»

ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ አንዴ አሳላት፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ባትሪው እስኪደክም ደጋገሙት። ባልዲው ውስጥ አምስት ቁራጭ ተርፎ ነበር። ያን ቀን ማንም ስለ ፋብሪካው አልቀለደም።

እትዬ የዓለምወርቅ በኪራይ መኪና ሄዱ። ፍትሐቱ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ።

አርባው እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩና ለካህን እንደሚባለው «ይፍቱኝ» አልኳቸው። «ትሪውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተን ብሰድብ እሷ ትነሣለች?» ወንበር ሳቡልኝ። «ይልቅ ቁጭ በል። ተርታ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።»

ስድስት ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ተርታ ያዝኩ። «ያኛው ከዚህኛው በፊት ነው» እያልኩ እከራከራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሳሳተው እኔ ነኝ። ሳይገጥም ሲቀር ፈትተን እንደገና እንጀምራለን።

ባለፈው ማክሰኞ ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ተነሳች። አንድም ቁራጭ አልተረፈም። ሞተሩ ሳይቆራረጥ ሲዞር አቶ ቶለሳ እየሮጡ መጡ፤ ትሕትና በመስኮት ብቅ ብላ አጨበጨበች።

ሃምሳ አለቃ ፈገግ እንኳ አላሉም። መሪውን እንደያዙ ባዶውን የጎን መቀመጫ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ፤ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ።

«ድምፁ አላማረኝም» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ የሞተር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔንም አላማረኝም» አልኳቸው።