ማንጎ ሥር የሚቀመጡ የካሴት ዳኞች

ሳይጠየቁ የሚፈርዱ ሰዎች በእናንተም ከተማ አሉ? የእኛዎቹ የጋምቤላ ዳኞች ማንጎ ሥር ይውላሉ። ክልል በሆንን ማግስት የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር አዲስ ካሴት በኤሌክትሪክ ጊታር ታጅቦ ሲወጣ ለሁለት ተከፈሉ።

“አሪየትን ጊታር አበላሻት። ድምጿ የወንድ ሆነ!” አሉ ቴፑን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡት ጋሽ ኡመድ።

“ምን ያውቃሉ እርስዎ? በስላለች እንጂ! ዝግ ብላ ስትዘምር መንፈስ አለው” አሉ ጋሽ ታደሰ።

ወሬው የደረሳት ጎረቤቴ፣ የኳየሩ ዘማሪ አሪየት፣ መዘመር ልትተው ነበር። እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ዘማሪዋን ከመክሰስ በፊት ቴፑን የሚመረምር ሰው እንዴት ይጠፋል? የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፅ እንደሚወፍርና እንደሚንቀራፈፍ ማን አጣው? የጋሽ ኡመድ ድንጋዮች ደግሞ ስንቴ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው የተመለሱ ናቸው!

አሪየትን እጇን ይዤ ማንጎው ሥር ሄድኩና ቴፑ ውስጥ አዲስ ድንጋይ ከተትኩ። ድምጿ ቀጥኖ፣ ጠርቶ ወጣ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ቲቸር፣ ይሄማ ይቸኩላል። አሮጌውን መልሺልን።”

አሪየት ከት ብላ ሳቀች፤ እሑድም ዘመረች። እኔን ግን ያ ፍርዳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።