የጎባው መንግሥት አልባ ማሽን

ጓድ ኃይለየሱስ የባሌን ደጋ ከቀለምና ከወረቀት ዘመን ወደ ማሽን ዘመን ያሻገሩ ሰው ናቸው። ይህን ውለታቸውን ዛሬ የሚያስታውስ መጥፋቱ የእኛን ነውር እንጂ የእሳቸውን ጉድለት አያሳይም። ደግሞስ ለምስጋና ብለው የሠሩ ሰው አልነበሩም። ለምስጋና ቢሆን ኖሮ ሰው እስኪያመሰግናቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር፤ እሳቸው ግን የምስጋናውን ደብዳቤ ራሳቸው አርቅቀው፣ ራሳቸው አስተይበው፣ ለፊርማ ብቻ ለበታቾቻቸው በማቅረብ ሰፊውን ሠራተኛ ከድካም ያድኑት ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ለመሄድ እግር ብቻ አይበቃም፤ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጓድ ኃይለየሱስ ጎባ ላይ የሚመሩት ጽሕፈት ቤት ይህን ወረቀት የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የማይሰጥ ነበር። የነዋሪው ፋይል ሁሉ ጎባ ተቀምጧል። ሮቤ ላይ ቅርንጫፍ አለ፤ በቅርንጫፉም ባዳሳ የሚባል ጸሐፊ አለ፤ የባዳሳም ሥራ ለመጣው ሰው ሁሉ «ፋይልዎ ጎባ ነው» ማለት ነው። ከሮቤ ጎባ ለሰው ቅርብ ነው፣ በጋሪም ይደረሳል። ለፋይል ግን ሩቅ አገር ነው። በደብዳቤ ይጠየቃል፣ በደብዳቤ ይመለሳል። ፋይሉ ሮቤ ሲገባ ባለቤቱ ሞቶ የተገኘበት ጊዜም አለ፤ እንዲህ ሲሆን የጉዞ ፈቃዱ ያለ አንዳች እንከን ይጸድቅለታል።

ይህ ሰላማዊ ኑሮ የተናወጠው አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሁለት ኮምፒዩተሮች በስጦታ የላከ ጊዜ ነው። ከማሽኖቹ ጋር ሲምቦ መጣች። ሲምቦ የሮቤ ልጅ ናት፤ በዚያው ወዳጅ አገር ስለ ኮምፒዩተር ተምራ የተመለሰች ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት። አንዱን ማሽን ጎባ፣ አንዱን ሮቤ አስቀምጣ በስልክ መስመር አገናኘቻቸውና ለጓድ ኃይለየሱስ ሐሳቧን አስረዳች። ባዳሳ ሮቤ ቁጭ ብሎ የጎባውን ፋይል ከገዛ መሳቢያው እንደሚያወጣ አድርጎ ይከፍተዋል። ለዚህ ግን ሁለቱ ማሽኖች መነጋገሪያ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። ማን ይጠይቃል፣ ምን ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ምን ብሎ ይመልሳል፣ ይህ ሁሉ በቁጥር እየተዘረዘረ በማሽኑ ልብ ውስጥ፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በሚታዘዘው ዋና መተዳደሪያ ላይ መጻፍ አለበት።

«ፕሮቶኮል ይባላል» አለች።

ጓድ ኃይለየሱስ ፊታቸው በራ። ፕሮቶኮል ያውቃሉ። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ተጣልተዋል።

«ጻፊው» አሉ። «ጽፈሽ ስትጨርሺ ግን ለውይይት ይቀርባል።»

ሲምቦ ጻፈች። በዚሁ መካከል አዴ ሰይዳ በየገበያው ቀን ከጎሮ ሮቤ እየመጡ ባዳሳ በር ላይ ይቆማሉ። አዴ ሰይዳ ልጃቸው ከሰሜን ግንባር በሕይወት ከተመለሰ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ እሄዳለሁ ብለው የተሳሉ አሮጊት ናቸው። ልጁ ተመልሷል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም እንጂ ሌላው ደህና ነው። የዚያራው ወቅት ቀረበ። የይለፍ ወረቀቱ አልቀረበም።

«አካም ጅርታ፣ ባዳሳ?»

«ፈያ፣ አዴ። ፋይልዎ ጎባ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እሱ እንኳ ደህና ቦታ ይቀመጥ። እኔ ግን ስለቴ በአንገቴ ታስሮ ልሞት ነው።»

ሲምቦ ይህን ደጅ ጥናት ሮቤ በሄደች ቁጥር ታየው ነበር። ስለዚህ ፈጥና ጨረሰች፤ ሰነዱም ለውይይት ቀረበ። ጓድ ኃይለየሱስ ኮሚቴውን ሰብስበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀይ እርሳስ ይዘው ተቀመጡ። አንድ ሰው ያልገባውን ሰነድ ሌሊት ሙሉ አንብቦ ቀን ላይ እንደገባው ሰው ሊያርመው ይችላል ቢባል የማያምን ካለ፣ ያን ቀን እዚያ አልነበረም ማለት ነው።

«እዚህ ላይ» አሉ፣ «የጎባው ማሽን አገልጋይ ተብሏል።»

«አዎ ጓድ። ሮቤ ይጠይቃል፣ ጎባ ያገለግላል።»

«ጌታና አገልጋይ በዚህ አገር ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው? ያውም ዋናው መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፍ ሊያገለግል!»

ሁለቱም ማሽኖች ጓድ እንዲባሉ ተወሰነ። ቀጥሎ ማንኛው ጓድ ማንኛውን ጓድ እንደሚጠይቅ መለየት አስቸገረ፤ የጎባው ታላቅ ጓድ፣ የሮቤው ታናሽ ጓድ ተባለና እኩልነት በዚህ ሁኔታ ተረጋገጠ።

ከዚያ ጓድ ኃይለየሱስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሰው ይፈራል።

«ገጽ ሦስት ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ስቴትለስ። መዝገበ ቃላት አይቻለሁ። ስቴት፣ መንግሥት። ለስ፣ አልባ። የጎባው ማሽን መንግሥት አልባ ነው ብለሽ በገዛ እጅሽ ጽፈሻል?»

ከሲምቦ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ወንበራቸውን ትንሽ ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰበት ዘመን ነበር።

«ጓድ፣ እዚህ ላይ ስቴት መንግሥት አይደለም። ሁኔታ ለማለት ነው። የጎባው ማሽን ማን ምን እንደጠየቀው በልቡ አይዝም። ጥያቄ ይመጣል፣ ይመልሳል፣ ይረሳል። መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ ያለ ችግር ይቀጥላል።»

«ማን ምን እንደጠየቀ አይዝም?»

«አይዝም።»

«ታዲያ ምኑን መንግሥት አለው! መንግሥት አልባ ነው እኮ የምልሽ!»

ኮሚቴው በዚህ የሐሳብ ጥራት ተደነቀ። ማሽኑ ማን፣ ምን፣ ለምን እንደጠየቀ፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደጠየቀም በልቡ እንዲይዝና እንዳይረሳ ተወሰነ። ሲምቦ «እሺ» አለች። ጓድ ኃይለየሱስም ስህተቷን የወጣትነት ነው ብለው በልዩ ርኅራኄ አለፉላት፤ ርኅራኄያቸውም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ።

የቀሩት ለማሽኑ የሚሰጡት ትእዛዛት ነበሩ። ሲምቦ ከዜሮ ጀምራ ቆጥራቸዋለች። «ፈልግ» የሚለው ሲነበብ፣ መፈለግ የጸጥታ ክፍል ሥራ ስለሆነ እነሱ ሳይጠየቁ አይሆንም ተባለ። «አንብብ» ሲባል፣ የበላይ ያላነበበውን የበታች እንዴት ያነባል? «ጻፍ» ሲባል፣ ያለ ማኅተም? «ሰርዝ» ሲነበብ አንድ የኮሚቴ አባል ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣና አልተመለሰም። ሁሉም ለተጨማሪ ጥናት ተላለፉ።

«ቁጥር ዜሮስ?» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ። «እዚህ 'ምንም አይሠራም' ይላል።»

«ምንም አይሠራም፣ ጓድ። ሮቤ 'አለህ ወይ?' ይላል፣ ጎባ 'አለሁ' ይላል። በቃ። መስመሩ ደህና መሆኑን ማወቂያ ነው።»

«ፋይል አይነካም?»

«አይነካም።»

«ተጠያቂነት አያመጣም?»

«ምንም ስለማይሠራ ምንም አያመጣም።»

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ከልጅነታቸው የተለያቸውን ወንድም ድንገት ያገኙ ይመስሉ ነበር። ቁጥር ዜሮ በሙሉ ድምፅ፣ በጭብጨባ ጸደቀ።

የምረቃው በዓል ሮቤ ላይ ተደረገ። ሪባን ተቆረጠ፣ ጓድ ኃይለየሱስ ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ረጅም ንግግር አደረጉ። ባዳሳ ላብ በላብ ሆኖ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። የማሽኑ መስኮት ላይ በፈረንጅ ፊደል «አለሁ» የሚል ቃል ብቅ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በዚህ መካከል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤ አዴ ሰይዳ ናቸው።

«ማነው ያለው፣ ልጄ?»

«ጎባ ነው፣ አዴ» አለ ባዳሳ።

«ጎባ መኖሩንማ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ። ወረቀቴስ?»

ሰው ሳቀ። መጀመሪያ በእጁ አፉን ይዞ፣ ኋላ ሳይዝ። ጓድ ኃይለየሱስ ያን ሳቅ ይዘውት ጎባ ገቡ፤ እራት አልበላ አላቸው። ማሽኑ ሥራ እንዳለው ማሳየት ግድ ሆነ። ማለዳ ሲምቦን አስጠርተው አዲስ መመሪያ አነበቡላት። ወረቀት ሊጭበረበር ስለሚችል፣ ከእንግዲህ ኬላ ላይ ምንም ዓይነት ወረቀት አይታይም። ጠባቂው ለሮቤ ይደውላል፣ ሮቤ ጎባን ይጠይቃል። «አለሁ» የሚል መልስ ከመጣ መንገደኛው ያልፋል። መልስ ካልመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይመለሳል።

«ጓድ» አለች ሲምቦ፣ «'አለሁ' የሚለው እኮ ማሽኑ ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም።»

«ማሽኑ ካለ ፋይሉ የት ይሄዳል?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሮቤ መንገድ አየት አደረገችና መልሳ ዘጋችው።

«ልክ ነዎት፣ ጓድ። እኔ አልታየኝም ነበር» አለች።

ጓድ ኃይለየሱስ ሰው በምክንያት ሲረታ ማየት ደስ ይላቸዋል። የዚያን ዕለት እራት በሉ።

መመሪያው በየኬላው ተለጠፈ። ከጎሮ ወዲያ ያለው ጠባቂ አዴ ሰይዳን አስቁሞ ለባዳሳ ደወለ፣ ባዳሳ ጎባን ጠየቀ፣ ጎባም «አለሁ» አለ። አዴ ሰይዳ አለፉ። ከኋላቸው የተሰለፈው፣ ፋይል ያለው፣ ፋይል የሌለው፣ ኧረ ፋይል ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ አለፈ። ዚያራው ያን ዓመት ሞልቶ ፈሰሰ። የጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ደግሞ እንዲህ ይል ነበር፦ አንድም ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት አልተገኘም፤ አንድም ባለጉዳይ ቅሬታ አላቀረበም። እውነት ነው። ወረቀት የሚያይ አልነበረማ።

አዲስ አበባ ይህን ሪፖርት አነበበና ጓድ ኃይለየሱስን ለሜዳልያ ጠራቸው።

እሳቸው ስለ ራሳቸው ደንታ ባይኖራቸውም ለሕዝቡ ስሜት ሲሉ የሽኝት ሥነ ሥርዓት አዘዙ። የጎባው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ከሲምቦ እስከ ጄኔሬተር አስነሺው፣ አንድም ሳይቀር መንገድ ዳር ተሰልፎ እየዘመረ እንዲሸኛቸው፣ ከዚያም ዕለቱ የደስታ ቀን ሆኖ ቢሮው ተዘግቶ እንዲውል አወጁ። ነዳጅ እንዳይባክን ማሽኑ የሚሠራበት ጄኔሬተር ጠፋ። ዘፈኑ አማረ። መኪናቸው ሮቤን አልፎ፣ ብርዱ ወደሚበረታበት ወደ ዲንሾ ወጣ።

ዲንሾ ኬላ ላይ ረጋሳ የሚባል ጠባቂ እጁን ዘረጋ።

«ጓድ ኃይለየሱስ ነኝ» አሉ፤ የጥሪ ደብዳቤያቸውንም በመስኮት አወጡ።

«ይቅርታ ጓድ፣ ወረቀት ማየት ተከልክሏል።» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «መመሪያ ነው።»

«ማን ፈረመው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው እኔ ፈቅጄልሃለሁ!»

«እርስዎ መሆንዎ ሲረጋገጥ ይፈቅዱልኛል፣ ጓድ።»

ረጋሳ ስልኩን ጠምዝዞ ሮቤን አገኘ። ጆሮውን ሰጥቶ ቆየና «ጎባ አይመልስም ይላል» አለ። ጓድ ኃይለየሱስ ስልኩን ቀሙት።

«ባዳሳ! እኔ ነኝ! ድምፄን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ፣ ጓድ። ለእኔማ እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ግን ዝም አለ።»

«ከጎባ ሰው አስጠራ!»

«ሁሉም እርስዎን ሊሸኙ ወጥተዋል።»

ጓድ ኃይለየሱስ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ መኪና ውስጥ ገብተው ወጡ። በመጨረሻ መኪናው ዞረ። ሜዳልያው አዲስ አበባ ባለቤቱን ሲጠብቅ ዋለ።

በማግሥቱ ጠረጴዛቸው ላይ የዲንሾ ሪፖርት ተቀምጦ አገኙ፦ «ራሱን ጓድ ኃይለየሱስ ነኝ የሚል ግለሰብ ኬላውን ለማለፍ ሞክሮ በመመሪያው መሠረት ተመልሷል።» ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሰውዬው እኔ ነበርኩ ቢሉ መመሪያው ጅል ነው። አልነበርኩም ቢሉ ግን መመሪያው ጀግና ነው። ከመመሪያቸው ራሳቸውን አስበልጠው አያውቁም። ለረጋሳ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ለአዲስ አበባም «በስሜ የሚንቀሳቀስ አስመሳይ ስለተገኘ እሱን በማሳደድ ላይ በመሆኔ ልመጣ አልቻልኩም» አሉ።

አዲስ አበባ በጉዳዩ በብርቱ ደነገጠ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ አስመሳዩ በሥራ ላይ በተገኘበት ይያዝ፤ እስኪያዝ ድረስ በጓድ ኃይለየሱስ ስም የወጣም ሆነ የሚወጣ ማንኛውም ትእዛዝ ታግዷል።

ማንኛውም። የኬላው መመሪያም፣ ትእዛዛቱን ለተጨማሪ ጥናት ያስተላለፉበትም ውሳኔ። ሲምቦ ጊዜ ሳታባክን ተቀመጠችና «ፈልግ» እና «አንብብ» የሚሉትን ማሽኑ ልብ ውስጥ አስገባች። ባዳሳ ሮቤ ቁጭ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎባን ፋይል ከፈተ። በዕለቱ ከላይ የነበረው አዲሱ ፋይል ነው፤ የአስመሳዩ። ባዳሳ ቀስ እያለ አነበበ፦ ዕድሜው በግምት ሃምሳ፣ ድምፁ ወፍራም፣ መነጽር ያደርጋል፣ ቀይ እርሳስ ይይዛል፣ ኃላፊ ነኝ ይላል። ስልኩን አነሳ።

«ሲምቦ፣ ይህን ሰውዬ እኔ አውቀዋለሁ መሰለኝ። እስካሁን እንዴት አልተያዘም?»

ሲምቦ በግማሽ የተከፈተውን በር ተመለከተች። ጓድ ኃይለየሱስ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የአፈላላጊ ኮሚቴውን አጀንዳ እያረቀቁ ነው።

«እንዴት ይያዝ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሥራ ላይ የተገኘ ዕለት ያዙት ነው እኮ የሚለው ትእዛዙ።»