የድንኳን ተረኞች

በቅድሚያ እንስማማ። የምነግራችሁን ከሰማችሁ አይቀር በልኩ ስሙልኝ። ሦስት ሳምንት ካልኩ ሦስት ሳምንት ነው፤ ነገ ለጎረቤት ስታወሩት «አንድ ወር ገደማ» እንዳትሉብኝ። ቀይ ነጥብ ካልኩ ቀይ ነጥብ ነው፤ ጭረት አይደለም፣ ክብም አይደለም። የአባል ቁጥር ዐሥራ ሰባት ያልኩትን ዐሥራ ስምንት ብሎ የሚያስታውስብኝን ሰው ፊት ለፊት አርመዋለሁ። ሽማግሌ ሲጃጅ ነገር ያጠብቃል ትሉ ይሆናል። በሉ። ነገር ተዛብቶ ሲነገር ሰው እንደሚጎዳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገር ሳይዛባ፣ በልኩና በወጉ ተነግሮ ሰው እንደሚጎዳ ግን እኔ አውቃለሁ፤ ባላወቅሁት ደስ ባለኝ።

ዘመናችን የአጭር ሥልጠና ዘመን ነው። በአምስት ቀን አመራር፣ በሦስት ቀን የግጭት አፈታት፣ ከምሳ በፊት ባለው ግማሽ ቀን ደግሞ ሥነ ምግባር ይሰጣል። የሻይ ዕረፍቱ ከትምህርቱ ይረዝማል፤ ማብቂያው ላይ ግን ሁሉም ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተሰመረ ወረቀት ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል። የሳሎኑ ግድግዳ በምስክር ወረቀት ተሸፍኖ የተቃጠለ አምፖል መቀየር የሚያቅተው ሰው አውቃለሁ። እኔ በበኩሌ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለመጨረስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈጀብኝ ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ከተቀመጡበት ሳይነሡ የዋና ከተማ አካል ሊሆኑ ነው ተባለ። «ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው?» የሚል ሰው ካለ፣ እሱ መሬቱ ያልተለካበት ሰው ነው። ተማሪው ወጣ፤ በአምቦ መንገድ ላይ ጎማ ነደደ፤ ወታደር መጣ። የመጣው ወታደር እኛ ቡራዩ ባለው የቴክኒክ ማሠልጠኛ ግቢ ሰፈረ። እዚያ ብየዳና ኤሌክትሪክ ይማሩ የነበሩት የሰፈራችን ወጣቶች «ሁኔታው እስኪረጋጋ» ተብለው ወደየቤታቸው ተሸኙ። እኔ እስከማውቀው፣ ሁኔታ የሚረጋጋው ወጣት ሥራ ሲይዝ ነው፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ሥራ የፈታ ወታደር ደግሞ ከማንም በፊት የሚያስፈራው የገዛ አለቃውን ነው። ስለዚህ የማሠልጠኛው ኮምፒዩተሮች ባዶ ከሚቀመጡ ተብሎ ለወታደሮቹ የሦስት ሳምንት የኮዲንግ ሥልጠና ተከፈተ። ኮዲንግ ማለት ኮምፒዩተርን በራሱ ቋንቋ ማዘዝ ነው ብሎ ያስረዳኝ ሲሳይ ነው። ሲሳይ የማሠልጠኛው አስተማሪና የእኔ ተከራይ ነበር፤ ከግቢዬ ሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ ይኖራል። ጨዋ ሰው ነው። ይህንንም በልኩ ያዙልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ለመፈለግ የምትቸኩሉ ከሆነ በመጀመሪያ የምታገኙት እኔን ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ተማረረ። ለልምምድ የሚሆን የስም ዝርዝር ፈጥራችሁ አስገቡ ቢላቸው፣ ወታደሮቹ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን ስም ብቻ ሞልተው መጡ።

«ሁሉም አጥቂ ነው ጋሼ፤ አንድ በረኛ እንኳ የለም» አለኝ። «እውነተኛ መዝገብ ባገኝ ኖሮ ሥራው ሥራ ይመስላቸው ነበር።»

እውነተኛ መዝገብ! እኔ እኮ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። እድራችን ውስጥ የአገሬው ኦሮሞ አለ፣ መርካቶን ለቆ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነጋዴ አለ፣ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ ያረጀ አለ። ሞት ስለማይመርጥ እድሩም አይመርጥም። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ፍቀት የሌለበት፣ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ስም ከነዕድሜው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክሉ ወጣቶች በተራ ስለሚመደቡ፣ ከስማቸው ፊት ለፊት ቀይ ነጥብ አደርግ ነበር። ነጥቡን ዓይን ወዲያው እንዲይዘው አድርጌ ነበር የማደርገው።

በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ውሸት ብቻ ነበር፤ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ። አዴ ብርቄ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ ባላቸውን ቀደም ብለው የቀበሩ፣ አንድ ልጃቸውን ገመቹን በሳንባ በሽታ አጡ። ማስመሪያዬንና እስክሪብቶዬን ይዤ ስሙን ልሰርዝ ስል እጄን ያዙኝ። «ኦቦ ደምሴ፣ ይሁን ተዉት። ተራው ሲደርስ እኔ እቆምለታለሁ» አሉ። ተውኩት። ከዚያ በኋላ የገመቹ ተራ በደረሰ ቁጥር አዴ ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ይመጡና የድንኳኑን አንድ ገመድ ይዘው ይቆማሉ። አንድም ወጣት ስቆባቸው አያውቅም። እነሆ ለአራት ዓመት የሞተ ሰው በእጄ ጽሑፍ ድንኳን ሲተክል ኖረ።

ወደ ሲሳይ ልመለስ። መዝገቡን አወጣሁለት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዳታቤዝ ነው!» አለ። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሙገሳ መሆኑን ግን ዐወቅሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እኔ የሰፈሬን መጽሐፍ አጠብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሲሳይ መዝገቤን ኮምፒዩተር ላይ እንዳይ ጋበዘኝ። ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ወታደሮቹ ስገባ ተነሡልኝ፤ የልጅ ልጆቼ አይነሡልኝም። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ አመጡልኝ። አንድ ሃምሳ አለቃ የሠራውን አሳየኝ፤ በአንድ ጣት ነካ ሲያደርገው ባለ ቀይ ነጥቦቹ በሙሉ በአባል ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ወጡ። እኔን ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን!

ከኋላችን ቆሞ የነበረ መቶ አለቃ ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

«አባባ፣ ቀይ ነጥቡ ምንድን ነው?»

በልኩ ነገርኩት። «ጤነኛ፣ ጉልበት ያለው፣ ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ የሆነ፣ በተጠራ ጊዜ የሚወጣ ወንድ።»

«በጣም ጠቃሚ ነው» አለ።

ለማን እንደሚጠቅም አልጠየቅሁትም። ሻዬን ጨርሼ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ነበር፤ ረፋዱ ላይ። ባለፈው ቅዳሜ መንገዱ እንደገና በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር ወታደር እንደሚገባ ሁላችንም ጠብቀናል። ወታደር ሲገባ ግን በመንደር በመንደሩ እያሰሰ ነበር የሚሄደው። ያን ቀን እንደዚያ አላደረገም። መጀመሪያ ወንዙ አጠገብ ካለ ቤት አንድ ወጣት ወሰደ፤ ከዚያ መንደሩን አቋርጦ ከመስጊዱ ጀርባ፤ ከዚያ ተመልሶ ከወፍጮ ቤቱ በታች። ለሚያየው ሰው መንገድ የጠፋበት ይመስላል። «ጠቋሚ አለ» አለ ሰፈሩ። እኔም ከሰፈሩ ጋር «አለ» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ።

አራተኛው የተንኳኳው በር የአዴ ብርቄ ነበር። እኔ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ በር ላይ ቆሜአለሁ።

«እማማ፣ ገመቹ የሚባል ልጅ አለዎት?»

«አለኝ» አሉ።

«የት ነው?»

«ሩቅ አይደለም። ኑ፣ ላድርሳችሁ።»

ነጠላቸውን አደገደጉና ከፊት ቀደሙ። አራት ወታደር ከነመሣሪያው ተከተላቸው። እኔም ተከተልኩ። ዳገቱን ወጥተን የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ስንገባ ነው ወታደሮቹ እርስ በርስ መተያየት የጀመሩት። አዴ ብርቄ ከአንዲት የሲሚንቶ መቃብር አጠገብ ቆሙና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሥ። ተራህ ደርሷል፤ ጠሪዎችህ መጥተዋል።»

አንዱ ወታደር ኮፍያውን አወለቀ። ወረቀት የያዘው ግን ትእዛዝ ያለበት ነውና እስክሪብቶ አወጣ። ከጎኑ ነበርኩ፤ ወረቀቱን አየሁት። ቁጥር ሦስት፣ ቁጥር ስምንት፣ ቁጥር ዐሥራ ሁለት፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት። የእድር ቁጥር በቤት አቀማመጥ አይደለም፤ አባል በሆኑበት ቅደም ተከተል ነው። ወታደሩ መንገድ አልጠፋበትም። የሚሄደው በእኔ መዝገብ ላይ ነበር። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ያልሰረዝኩትን ስም ዓይኔ እያየ በአንድ ጭረት ሰረዘው።

ቀጣዩን የማውቅ እኔ ነበርኩ። ቁጥር ሃያ አንድ፣ ባለሱቁ ሐጂ ከማል፤ ልጁ ጁነዲን፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ቀይ ነጥብ። በዕድሜዬ መንገድ ላይ ሮጬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሮጥኩም፤ ግን ከወታደሮቹ ቀድሜ ደረስኩ።

«ሐጂ፣ ልጁን አሁኑኑ በጓሮ ያውጡት። ወደ እርስዎ እየመጡ ነው።»

ሐጂ ከማል ሚዛኑን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቱ በምን ዐወቁ?»

እዚህ ላይ ውሸት ይቻል ነበር። ሰው ነገረኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ሰፈሩ ጠቋሚ እየፈለገ ስለነበር ማንንም ብጠራለት ያምነኝ ነበር።

«ዝርዝሩ የእኔ ነው» አልኩ።

ሐጂ ወደ ጓዳ ዞረው ልጁን ተጣሩ። ከዚያ ሃያ አራት፣ ከዚያ ሃያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሠላሳ ሦስት። አራት ቤት ደረስኩ፤ በአራቱም «በምን ዐወቁ?» ተባልኩ፤ በአራቱም ያንኑ መለስኩ። ከአራተኛው በኋላ የእኔ እግር አላስፈለገም፤ ወሬው ራሱ ከእኔም ከወታደሩም ቀድሞ ደረሰ። የሰፈሩ ወጣት በሙሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሆለታ በኩል ወጣ። ከዐሥራ ሰባት በፊት ለነበሩት ሦስቱ ግን አልደረስኩላቸውም። ሁለቱ ከወራት በኋላ ጸጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። የስምንት ቁጥሩም ተመልሷል፤ ግን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የድንኳን ምሰሶ አይጸናለትም።

በዚያው ቀን ማምሻውን ሲሳይ መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«ለልምምድ ብቻ ነበር ጋሼ» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ምን እለዋለሁ? በሳምንቱ ክፍሉን ለቀቀ።

እድሩ ረቡዕ ተሰበሰበ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። የእድሩ ዳኛ ቀስ ብለው «ኦቦ ደምሴ፣ መዝገቡን ያስረክቡ» አሉ። አስረከብኩ። ከእንግዲህ ዕድሜ እንዳይጻፍ፣ ነጥብ የሚባል እንዳይደረግ ተወሰነ። አዴ ብርቄ ከማዶ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸውን ወደ እኔ አላነሡም፤ ፊታቸውንም አላዞሩብኝም። በእኔ ምትክ የተመረጠው ጸሐፊ ጽሑፉ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፤ የአባት ስም ይዘልላል፤ ገጽ ያቀያይራል። በእሱ መዝገብ ማንንም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እጅግ ጥሩ ጸሐፊ ነው።

ዓርብ ዕለት የሥልጠናው መዝጊያ ነበርና ተጠራሁ። ሄድኩ። ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። የምለምነው ነበረኝ። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት መቶ አለቃውን ለብቻው አገኘሁትና «ስሞቹን ከኮምፒዩተሩ አጥፉልኝ» አልኩት። በሕይወቴ ሰው ስለምን ያ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያዋ ባለቤቴ ናት።

ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «አባባ፣ እዚህ ያለውን ብናጠፋው ምን ይጠቅማል? ግልባጩ የት የት እንደሄደ እኔም አላውቀውም።»

መዝገብ ቢሆን ኖሮ አቃጥለው ነበር።

ከዚያ ጭብጨባው ተጀመረ። ወታደሮቹ በየተራ ወጥተው ተቀበሉ። የሃምሳ አለቃው ፕሮግራም «የላቀ ሥራ» ተብሎ ተሸለመ። በመጨረሻ «ለሥልጠናው መሳካት ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ተባለና ሙሉ ስሜ ተጠራ፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ወረቀቱ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተሰመረ ነው። ወጣሁ፤ ወገቤን አላጎበጥኩም። መቶ አለቃው ወረቀቱን በቀኝ እጁ ዘረጋልኝ፤ ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሁለቱንም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። አዳራሹ እስኪፀጥ ድረስ ቆምኩ። ከዚያ ወርጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን ለሰው ስትነግሩ አታሳምሩልኝ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ሻያቸውን ጠጥቻለሁ። ሙገሳቸውን በሁለቱም ጆሮዬ ተቀብያለሁ። ወረቀቱን ግን አልተቀበልኩም።