ቀኝ እጅ ሥራ የሚፈታበት ሞተር

(አትላንታ፣ ኖርክሮስ። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ የሆነ የቤተክርስቲያን ፓርኪንግ። ወርቅውሃ ሄልሜት ደፍታ በሟች ወንድሟ በሰርፀ ሞተር ላይ ተቀምጣለች። የአጎቷ ልጅ ፊልጶስ፣ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር፣ ወገቡን ይዞ ከፊቷ ቆሟል።)

ፊልጶስ፦ ቀኙን ጠምዝዢ አልኩሽ!

ወርቅውሃ፦ ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ አይልም።

ፊልጶስ፦ ጠበቅ አድርገሽ ነዋ! የማር ጠርሙስ እንደምትከፍቺ።

ወርቅውሃ፦ በዚህ ጉልበት የማር ጠርሙስ ቢሆን ይሄኔ ተሰብሯል። ሰርፀ እኮ ቀኝ እጁ አይሠራለትም ነበር። ነዳጅ መስጫውንም ፍሬኑንም ወደ ግራ አስዙሮታል። ቀኙ ባዶ መያዣ ነው።

ፊልጶስ፦ በመላው ዓለም ሞተር የሚነዳው በቀኝ ነው።

ወርቅውሃ፦ የዓለም ሞተር ላይ መቼ ተቀመጥኩ? የሰርፀ ላይ ነኝ።

ፊልጶስ፦ እኔ ጅማ ፖስታ ቤት ስሠራ በሞተር ያልገባሁበት ጭቃ የለም! ሪላክስ አድርጊ። እግርሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ወርቅውሃ፦ ሞተሩ ተነስቶ ነው።

ፊልጶስ፦ ገና አልተነሳም።

ወርቅውሃ፦ ወይኔ! እንግዲያው እኔ ነኝ።

ፊልጶስ፦ ይሸጥ ብዬ ነበር።

ወርቅውሃ፦ አይሸጥም! እሑድ አርባው ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ንብረቱን ሲያካፍሉ ያሉትን ሰምተሃል፤ «ፊልጶስ አይቶ ነድታለች ካለ ይቀመጥላት፣ ካላለ ይሸጥ» ነው ያሉት። ከወንድሜ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።

ፊልጶስ፦ ልብሱስ?

ወርቅውሃ፦ የለበስከው ጃኬት የማን ይመስልሃል?

(ፊልጶስ ዚፑን እስከ አገጩ ይዘጋል።)

ፊልጶስ፦ እሺ፣ ሕጉን ያዢ። ስትፈሪ ቀኝ እጅሽን ልቀቂ። ቀኙን ከለቀቁት ሞተር ራሱ ይቆማል።

ወርቅውሃ፦ ቀኙ ምንም ካልሠራስ?

ፊልጶስ፦ ኧረ ውረጂ! ውረጂና እዪ!

ወርቅውሃ፦ ሄልሜቱን እንካ።

ፊልጶስ፦ ሄልሜት ለተማሪ ነው።

(ወርቅውሃ ትወርዳለች፤ ፊልጶስ ሞተሩ ላይ ይወጣል። ሞተሩን ያስነሳል። ቀኙን ይጠመዝዛል፤ ምንም የለም።)

ፊልጶስ፦ ነዳጅ የለውም።

ወርቅውሃ፦ ትናንት ነው የሞላሁት።

(ፊልጶስ ለመደላደል መሪውን በግራ እጁ ጭብጥ ያደርጋል። አውራ ጣቱ ነዳጅ መስጫው ላይ ያርፋል። ሞተሩ ይፈተለካል። ፓርኪንጉን ዞሮ ተመልሶ በፊቷ ያልፋል።)

ፊልጶስ፦ አየሽ! ሄደ!

ወርቅውሃ፦ ጎበዝ የኔታ! በል አቁመው!

(ደግሞ ዞሮ ይመጣል። ቀኝ እጁ አየር ላይ ነው።)

ፊልጶስ፦ ቀኙን ለቅቄዋለሁ! አይቆምም!

ወርቅውሃ፦ ሕጉን ንገረዋ!

(በቤተክርስቲያኑ በር ሲያልፍ በቀኝ እጁ ያማትባል። ሚዛኑን እንዳይስት ግራውን ይበልጥ ይጨብጣል፤ ሞተሩ ይፈጥናል።)

ወርቅውሃ፦ አታማትብ! ባማተብክ ቁጥር እየፈጠንክ ነው!

ፊልጶስ፦ የእግዚአብሔር ቤት ነው! ሳላማትብ እንዴት ልለፍ!

ወርቅውሃ፦ እንግዲያው ስትዞር ዋላ!

ፊልጶስ፦ (ሲያልፍ) ፍሬኑ የት ነው?

ወርቅውሃ፦ ጅማ የት ነበር?

(ይርቃል። ይመለሳል።)

ፊልጶስ፦ አላውቅም! ከኋላ ነበርኩ! የምይዘው ፖስታውን ነው! የሚነዳው ተስፋዬ ነበር!

ወርቅውሃ፦ ተስፋዬን ልጥራልህ?

ፊልጶስ፦ ወርቄ! በሰርፀ ነፍስ!

ወርቅውሃ፦ የሰርፀን ነፍስ ተዋት፤ ልትገናኙ ትንሽ ነው የቀራችሁ!

ፊልጶስ፦ (ሲያልፍ) አልፈሻል! ነድታለች እላለሁ! አስቁሚኝ!

ወርቅውሃ፦ አልነዳሁማ! በወንድሜ አርባ ላይ ውሸት አልፈልግም! አውራ ጣትህን አንሳ!

ፊልጶስ፦ (የቀኙን አውራ ጣት ወደ ሰማይ ቀስሮ) አነሳሁ!

ወርቅውሃ፦ የግራውን! አንስተህ በቀሩት ጣቶች ፍሬኑን ጨምቀው!

(ፊልጶስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨምቃል። ሞተሩ ቆሞ ሳሩ ላይ ይጋደማል። ፊልጶስ ግን ጉዞውን ቀጥሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ወርቅውሃ ሮጣ ሞተሩን ታነሳለች።)

ፊልጶስ፦ እኔንም አንሺኝ እንጂ!

ወርቅውሃ፦ አንተ ራስህ ትነሳለህ።

ፊልጶስ፦ ይሸጥ! ይሄ ሞተር ሰው ይፈጃል!

(ወርቅውሃ ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ታስነሳዋለች። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፤ ሰርፀ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። አውራ ጣቷን በስሱ ትጫናለች። ሞተሩ በዝግታ ይሄዳል። በቤተክርስቲያኑ በር ስታልፍ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። ፓርኪንጉን ዞራ ፊልጶስ እግር ሥር ታቆማለች።)

ፊልጶስ፦ (ቅጠል ከፀጉሩ እየለቀመ) አታለልሽኝ! ሰርፀ አስተምሮሽ ነበር!

ወርቅውሃ፦ ሰርፀ ሲነዳ ከኋላው ሆኜ ዓይኔን ገልጬ አላውቅም።

ፊልጶስ፦ ታዲያ ከማን ተማርሽ?

ወርቅውሃ፦ ካንተ ነዋ። ያደረግከውን አይቼ አንዱንም ሳላደርግ ነዳሁ።

(ፊልጶስ ያስባል፤ ፊቱ ቀስ እያለ ይበራል።)

ፊልጶስ፦ እሑድ ሰው ፊት «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብል ውሸት አይሆንማ?

ወርቅውሃ፦ አይሆንም። ብቻ ጋሽ ብርሃነመስቀል «እስቲ ነድተህ አሳየን» እንዳይሉህ።