ለሁለቱም ደምሪ

በየሰፈሩ ቀጥተኛ ጥያቄ ተጠይቆ ቀጥተኛ መልስ መስጠት የሚጨንቀው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛዎቹ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዘወር ሲሉ ደግሞ ጋሼ ኤክስ ይባላሉ። የዕድሜ ነገር ከተነሳ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የማናውቀው ኤክስ ይሁን» ሳይሉ አያልፉም።

ሐኪም ቤት ካርድ ሊያወጡ ሄደው ጸሐፊዋ ዕድሜያቸውን ጠየቀቻቸው። «ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የእህቴን ልጅ አምስት እጥፍ ነበርኩ፤ ዛሬ ሦስት እጥፏ ነኝ። እንግዲህ የእሷ ዕድሜ ኤክስ ይሁን» አሏት። ከኋላ የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ጸሐፊዋ ሽበታቸውን አየት አድርጋ ሰባ ብላ ጻፈች። ጋሼ አራት ዓመት ያላግባብ ተጨመረብኝ ብለው ሲያማርሩ ሰነበቱ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያርፈው ያችው የእህታቸው ልጅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጋሼ ከሰዓት በኋላ ከስፌት ማሽኗ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ስለ ራሷና ስለ ትልቁ ልጇ ዕድሜ ሳታስበው አወራች። ጋሼ በጣታቸው ጭናቸው ላይ ጻፍ ጻፍ አድርገው፣ «እንግዲያው ልጅዎን የወለዱት በዘጠኝ ዓመትዎ ነው» አሏት። ሴትዮዋ ጨርቋን ጠቅልላ ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

«ጋሼ፣ ደንበኛዬ እኮ ነበረች» አለች የእህታቸው ልጅ።

«እኔ ምን አደረግኩ? ስሌቱ ነው ያጋለጣት።»

ታዲያ ለምን አታባርራቸውም? ስለምትፈልጋቸው ነው። የነርሶች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሏ ነው። የሚጥላት ደግሞ ሁልጊዜ ያው የአባትና የልጅ ዕድሜ ጥያቄ ነው። «ከአምስት ዓመት በኋላ» ሲባል ለልጅየው አምስት ትደምርና አባትየውን ትረሳዋለች።

«ምን በደለሽና ነው ባለበት የምትገትሪው?» ይላሉ ጋሼ። «ጊዜ አያዳላም፤ ለሁለቱም ደምሪ።» ይህችን ነገር ቁልፍ ስትተክልም፣ እጅጌ ስትገጥምም እየደጋገሙ ጆሮዋን አደነቆሩት።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የልብስ ጠመኔዋን አነሱና ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ የራሳቸውን ጥያቄ አወጡላት።

«እኔ ስልሳ ስድስት፣ አንቺ ሃያ ሁለት፤ ሦስት እጥፍሽ ነኝ ማለት ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ነው ሁለት እጥፍሽ ብቻ የምሆነው? የዓመቱ ቁጥር ኤክስ ይሁን።» እንደ ልማዳቸው መልሷን ሳይጠብቁ ራሳቸው ጻፉት፦ 66 = 2 × (22 + ኤክስ)። «ኤክስ ዐሥራ አንድ። ያኔ ሠላሳ ሦስት ትሆኛለሽ። ዋና ነርስ ሆነሽ፣ ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ መርፌ ይዘሽ ስታሳድጂኝ ይታየኛል።»

እሷ ግን ጨርቁን ትክ ብላ ታያለች። የጋሼ ነገር፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብቻ ነው የደመሩት።»

«እ?»

«ራስዎን ባሉበት ገተሩት እኮ።»

ጋሼ ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። ከዚያ በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ከስልሳ ስድስቱ ጎን ኤክስ ጨመሩበት። አሁን ሃያ ሁለት ዓመት ወጣ፤ እሷ አርባ አራት፣ እሳቸው ሰማንያ ስምንት።

«ሰማንያ ስምንት» አሉ ቀስ ብለው። ድምፃቸው የአስተማሪ አልነበረም። «እስከዚያ ማን ይኖራል ብለሽ ነው?»

እሷም አንድ ቀን ያ ወንበር ባዶ ሊሆን እንደሚችል አስባ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት፤ ፈራችም።

«እኔ እንጃ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እርስዎ ከሌሉ ስሌቱ አይወጣም።»

በማግስቱ ከፈተናው ስትወጣ ጋሼ በር ላይ ቆመዋል። ከበደሽ ወይ፣ ቀለለሽ ወይ የለ።

«አባትና ልጅ መጡ?»

«መጡ።»

«ለሁለቱም ደመርሽ?»

«ደመርኩ» አለች፤ ክንዳቸውንም ያዘች። «ከአባትየው ነው የጀመርኩት።»